ለጥበቃ የገባሁበት ክፍል ቁልፍ በማን ኪስ እንዳለ ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የሆቴላችን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እርስዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ ሲቀመጡበት የሚሰምጠው ወንበርዎስ ደኅና ነው? እኔ ከምድር ቤቱ ብርድ በስተቀር ደኅና ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ቃል ማሳመር አልችልበትም፤ ለምስጋና ግን ይበቃል ብዬ ብዕር አነሳሁ። በግልጽ የጻፍኩትም ደግነትዎ ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ እኛ «ባለ ቁልፉ» የምንለው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳሙና ልወስድ በገባሁበት በሩን ዘግቶ፣ ከመደርደሪያው አጣብቆ፣ እጁን ወደማይገባ ቦታ እንደሰደደ እርስዎ ዘንድ ቀርቤ አመልክቼ ነበር። በመመገቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ «ትንኮሳን ለምታመለክት ሴት ሙሉ ጥበቃ ይደረግላታል» የሚለውን አንብቤ አምኜ ነዋ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እርስዎ ግን ቃልዎን ጠበቁ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከሰውዬው እንድርቅ ብለው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አውጥተው ምድር ቤት ስላወረዱኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ከነማዕረጉ እላይ ቀርቷል። የእኔ ክፍል መስኮት ስለሌለው ማንም አያየኝም፣ እኔም ማንንም አላይም። ከዚህ የበለጠ ጥበቃ ያለው መቃብር ውስጥ ብቻ ነው።

2. የአልጋ አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ ጫፉን ይዘን፣ ባሎቻችንን እያማን፣ እየተሳሳቅን ነበር የምናጥፈው። አሁን መሐሉን በአገጬ ይዤ ብቻዬን አጥፋለሁ። ስንት ዓመት ጫፉን የያዘችልኝ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ «እህቴ፣ አትፍረጂብኝ፣ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» ብላኝ ግድግዳውን ታክካ አለፈች። አልፈርድባትም። ሰላምታ እንኳ እንጀራ እንደሚያሳጣ ማን አስተማራት? እርስዎ ነዎት፤ ተባረኩ።

3. ይህኛው የጥበቃዎ ጉልላት ነው። በደንባችን መሠረት የምድር ቤቱ ክፍሎች ቁልፍ ሁሉ የሚቀመጠው ግምጃ ቤት ነው። እኔን ከሰውዬው ለመጠበቅ ያስገቡኝ ክፍል ቁልፍ ያለው፣ እንግዲህ፣ ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አስበው እንዳላደረጉት አምናለሁ፤ ያሰበበት ሰው የለምና።

ደግሞ ጨዋ ሆኗል! በሩን አይከፍትም፣ ቃል አይተነፍስም። ኮሪደሩን ይዞ ይመጣና ደጃፌ ላይ ቆሞ ቁልፎቹን ያንቃጭላል፤ ከዚያ ይሄዳል። ታዲያ ይህ በምን ይከሰሳል? ቤቴ ገብቼ እንኳ ባለቤቴ ኪሱን ሲፈትሽ ሳንቲም ከተንሿሿ በእጄ የያዝኩት ይወድቃል። «ምነው፣ ምን ነካሽ?» ሲለኝ «ብርድ ነው» እለዋለሁ። አንዳንዴ ኮሪደሩ ባዶ ሆኖም ይሰማኛል። እሱ ይሁን ጆሮዬ፣ መለየቱን ትቼዋለሁ።

4. ከውስጥ መቀርቀሪያ ይገጠምልኝ ብዬ ስለምን ጸሐፊዎ «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ደሞ ማን ይነካዎታል?» ብላ ስላሳቀችኝ አመሰግናለሁ። ራሴ ገዝቼ ባስገጥም መቀርቀሪያው በማግስቱ ተነቅሎ ጠበቀኝ፤ «የድርጅቱን ንብረት በማበላሸት» የሚል ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ። ከደገምኩ እንደምሰናበት ተነግሮኛል።

ክቡርነትዎ፣ አንዲት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ወይ ቁልፉን ከእጁ ይውሰዱልኝ፣ ወይ መቀርቀሪያዬን ይመልሱልኝ። ሥራዬን እንደሆነ አልለቅም፤ ያጠፍኩት አንሶላ እንጂ ያጠፋሁት ነገር የለም።

በጥላዎ ሥር ውላ ፀሐይ የናፈቃት፣ ጥበቃዎ የጸናባት፣ እግዜር ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ከዕድሜዎም አንዷን ቀን እዚህ ምድር ቤት እንዲውሉ የምትመኝልዎ፣

አክባሪዎ አንሶላ አጣፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ፦ እላይ በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት ትናንት ወደ እኔ ወረደች። የቀሚሷ ቁልፍ ተበጥሷል። «እትዬ፣ እኔም ካመለከትኩ እዚህ ነው የሚያስገቡኝ?» አለችኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ። ክፍሉ ግን ለሁለት ይጠባል፤ እላይ ደግሞ ገና ብዙ ሴቶች አሉና ከወዲሁ ሰፋ ያለ ምድር ቤት ቢያስቆፍሩ ይሻላል።