ሦስት ሰዓት ላይ የሚሮጠው ልቤ

ሰኞ

ደግሞ ደወለች! ሲስተር ሕይወት፣ የክሊኒኩ ነርስ። ልቤ ሲያስቸግረኝ ጊዜ ይቺን የእጅ ሰዓት አሰሩልኝ፤ እኔ ኮልፌ ሱቄ ውስጥ ክርና ቁልፍ ስሸጥ፣ እሷ እዚያ ሆና የልቤን ምት በኮምፒውተር ታያለች። "እማማ ሙሉ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ልብዎ ይሮጣል። ምን እየሠሩ ነው?" እማማ! ገና ሃምሳ አራቴ ነው። ደግሞ ምን እሠራለሁ? ሱቄን ከፍቼ፣ ኪኒኔን ውጬ ቁጭ ነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ኪኒኑ እጥፍ ይሆናል አለችኝ። በአንዱም ራሴን እያዞረኝ ነው። ሁለት ከዋጥኩማ ሱቁን ማን ይከፍተዋል?

ማክሰኞ

ገባኝ! ኪኒኑን የምውጠው ሦስት ሰዓት፣ ልቤ የሚሮጠው ሦስት ሰዓት። እሱ ነዋ! ዛሬ ተውኩት። ልጄ ቤቲ ብትሰማ ትገለኛለች። ሦስት ሲሆን የእጅ ሰዓቴ በሚያሳየው የልብ ምት ቁጥር ላይ አፈጠጥኩ፦ ሰባ ሁለት፣ ሰባ፣ ሰባ አንድ። ተመስገን ጌታ ሆይ!

ረቡዕ

ዛሬም አልዋጥኩም። እኩለ ቀን ላይ ሲስተር ደወለች። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ጭራሽ ብሶ መቶ ሠላሳ ገብቷል። እንዴት ሆኖ? በዓይኔ ሰባ አይቼ! ማነው የሚዋሸው፣ እሷ፣ ሰዓቷ ወይስ ልቤ? ኪኒኑን መተዌን ሳልወድ ነገርኳት። ጮኸችብኝ፤ እውነቷን ነው። እሷ ስልክ ላይ እያለች ዋጥኩት።

ሐሙስ

ቤቲ መጣችና ነገርኳት። ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ ሲስተር ከኮምፒውተሩ ያነበበችልሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! የእሷ ሦስት ያንቺ ከሰዓት ዘጠኝ ነው።" ውይ በሞትኩት! ስንት ጠዋት በከንቱ ስፈራ። "ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

ምንም፣ አልኳት። ዋሸሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድም ተክሌ ጎን ካለው ልብስ ስፌት ቤታቸው ብቅ ይላሉ። የቸርቻችን ሰው ናቸው፤ እኔ ባሌን፣ እሳቸው ሚስታቸውን ቀብረናል። ክር ይገዛሉ። ነጭ ክር፣ በየቀኑ! ከዚያ ቁጭ ብለው ያወሩኛል፣ እስቃለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይሄም ልብ ያስሮጣል? በዚህ ዕድሜዬ? እኔ እንጃ። አፍሬያለሁ። ደስም ብሎኛል።

ቤቲ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ልታይ ነው። ምክንያቱ ካልተገኘ ኪኒኑ እጥፍ ሊሆን ነው። ምን ይሻለኛል? ወንድም ተክሌን አይምጡ ልበላቸው? አይምጡ ካልኳቸው ደግሞ፣ አውቃቸዋለሁ፣ በዚያው ይቀራሉ።