ቦምቤ ላይ የተደገመው ዜማ

ለምወድሽ ልጄ ለቤቴል፤ የጌታ ሰላም ከነልጆችሽ ይብዛላችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«አባቴ ስልኬን አያነሳም» ብለሽ መቀየምሽን ሰማሁ። ኧረ ተይ! የዞን ኦርኬስትራ መምራት ቀላል ሥራ መሰለሽ? ቤት ሲገባም ቴሌቪዥኑን እንደዚያ እያስጮኸ ማን ስልክ ይሰማል? ጎረቤቶቻችን ዜናውን ከእኛ ቤት ነው የሚከታተሉት።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ኦርኬስትራው ቦምቤ ከተማ ሲጫወት አብሬ ሄጄ ነበር። ዜማው አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ፣ አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ማወዛወዙን ቀጠለ። ዋሽንት ነፊው ጌታሁን አየት አደረገውና ቀስ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አንዳቸውም አልሳቁም። ሕዝቡ የተደገመለት መስሎት ሲጨፍር ዋለ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «የቤቴል እናት፣ ልጆቹ እንዴት ተጫወቱ?» አለኝ። «ግሩም ነበር» አልኩት። አፌን አፌን እያየ ያንኑ ደግሞ ጠየቀኝ። እጁን ጨበጥ አደረግሁለት፤ ፈገግ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ስልኩን ተይውና ደብዳቤ ጻፊለት። ፊደሉን አታተልቂ፤ ዓይኑስ ደህና ነው።

ዳታ በርበሬ ልኬልሻለሁ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጌታ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።

እናትሽ ሽታዬ፣ ከሶዶ