መጨባበጥን ለከለከሉት የበርበሬ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ሀቢቡ፣
በቡታጅራ የበርበሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ ወገብዎና ደም ግፊትዎስ እንዴት ሰነበቱ? የቀኝ እጅዎ ጣቶችስ ደህና ናቸው? ጣቶችዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ዝቅ ሲሉ ያገኙታል። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከመነጽሬ መሰንጠቅ በቀር ደህና ነኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ጀማሉ ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሱቄ ሬዲዮ፣ ካውያና ድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ። ኤሌክትሪክን የተማርኩት እየነዘረኝ ስለሆነ፣ ስለ መነዘር የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በፋብሪካዎ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ፈቲሀ የእህቴ ልጅ ናት። የፊታችን ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ከሥራ ያሰናብታት እንደሆነ ሊወስን ይሰበሰባል። ከዚህ በፊት ለብቻዎ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጠፍተዋል ስለተባልኩ፣ ሦስተኛውን ከተማው በሙሉ አብሮ እንዲጠብቅልዎ በአደባባይ ጻፍኩት።

አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች ስላደሉት የናይሎን ጋዋንና የላስቲክ ጫማ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህ በደረቅ የጥር አየር፣ ከጠዋት እስከ ማታ የላስቲክ ጥቅል እየተተረተረ በሚያልፍበት ማሽን አጠገብ፣ ናይሎን ለብሶና ላስቲክ ተጫምቶ የሚቆም ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ፣ ፀጉሩን በፕላስቲክ ማበጠሪያ ያበጠረን ሕፃን መጠየቅ ይበቃ ነበር። ላስቲክ ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ካጣ፣ ሰው ብረቱን በነካ ቁጥር ጧ ብሎ በጣቱ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጂንም ድግምትም የለበትም። እርስዎ ግን በስብሰባ ላይ «ቁርስ ሳትበሉ እየመጣችሁ ነው የሚያንቀጠቅጣችሁ» ማለትዎን ሰምቻለሁ። እህቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ፈቲሀን ሁለት ሰው የሚያጠግብ ቁርስ ስታበላት ከርማለች። ልጅቷ ወፈረች እንጂ መነዘሩ አልቀረላትም።

ሁለተኛ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፉት ጽሑፍ አመሰግናለሁ። «በሥራ ሰዓት በእጅ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍና ትከሻ ለትከሻ መነካካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ማኅተምም አለበት። ሠራተኞቹ ሲጨባበጡ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ስለሚነዝር፣ ማሽኑን ከማስተካከል ሰላምታውን ማጥፋት ቀለለዎት። ሰርካለም የምትባለው የፈቲሀ የሥራ ባልደረባ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ዕለት፣ ሃያ ሰው በሦስት ሜትር ርቀት ቆሞ፣ መኪና ወደ ኋላ እንደሚያስነዳ ረዳት እጁን እያወዛወዘ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። እሷም «ምነው፣ በሽታ ይዤ መጣሁ እንዴ?» ብላ አለቀሰች። ሰው የሳምንት መንገደኛን እንኳ እጁን ጨብጦ ካልጠገበ በማይለቅበት አገር፣ ከሰላምታ ነፃ የሆነ ግቢ ማቋቋም ለማንም ያልተሳካ ነገር ነበርና እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቢሮዎ በር አመሰግናለሁ። ከኅዳር ወዲህ በድንጋይ ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ስለሚውል፣ ሠራተኛው «አቤቱታችንን ሊሰሙን ነው» ብሎ በጣም ተደስቶ ነበር። እኔም እንደዚያው ባስብ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ፋብሪካውን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች ድምፅ ማጉያውን ልጠግን የመጣሁ ዕለት፣ ከቢሮዎ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ተነሥተው የበሩን እጀታ ሲነኩ፣ «ውይ! ደግሞ ጀመረች!» ብለው ጣትዎን ሲያራግፉ፣ ከዚያም የኮትዎን እጅጌ ወደ መዳፍዎ ስበው በእጅጌው ሲከፍቱ አየሁ። ድንጋዩ የተደረገው በማግስቱ ነው። የጣቶችዎን ጤና የጠየቅሁት ስለዚህ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እርስዎ አያውቁም ብዬ አላውቅም። ብረቱ እንደሚነዝር ያውቃሉ፤ ለራስዎ ድንጋይ አስቀመጡ፤ ለልጆቹ ማስታወቂያ ለጠፉ።

አራተኛው ምስጋና ስለ ሽቦ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ማሽኑን የተከሉት ባለሙያ ከአዲስ አበባ ሲመጡ መዶሻ ከእኔ ተውሰው ነበርና አብሬያቸው ዋልኩ። ከግድግዳው ጀርባ ረጅም የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበርን፤ ከማሽኑ አካልም ቢጫ መስመር ያለበት አረንጓዴ ወፍራም ሽቦ አምጥተን ከዘንጉ ጋር አሰርን። የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ የሚወርደው በዚያ ነው። ባለሙያው ሲሄዱ «ይህችን ሽቦ ማንም እንዳይነካት፤ የመብራት ኃይል በማሽኑ ብረት ላይ የፈሰሰ ቀን ሰው የምታተርፈው እሷ ናት» ብለው ለእርስዎ ሲነግሩ ቆሜ ሰምቻለሁ። እርስዎም «በሚገባ» ብለዋል። ከዚያ እነዚያ እንግዶች ሊጎበኙ ሲሆን ግቢው ድንጋይ ተነጠፈ፤ ሽቦዋም «እይታ ታበላሻለች» ተብላ በትእዛዝዎ ተቆረጠች። ልጆቹ መነዘር የጀመሩት ከዚያ ሳምንት ነው።

ሽቦዋ የት ገባች ብዬ ብዙ አልደከምኩም። በፋብሪካው በር ላይ «ደህንነት ይቅደም!» የሚለው ትልቅ ባነር የተንጠለጠለው በእሷ ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ቢል ያያታል፤ ቢጫ መስመር ያለባት አረንጓዴ፣ አሳምረው በሁለት ዙር የቋጠሯት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠግኛለሁ፤ በዕቃው ራሱ እንዲህ የሚቀልድ ሰው ግን አላጋጠመኝምና ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋና የሚመስል ቃል ስላጣሁለት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፈቲሀ ትሪ ሙሉ የተፈጨ በርበሬ ይዛ ወደ ማሽኑ አፍ ልትገለብጥ ክንዷ ብረቱን ነካ። ነዘራት፤ እጇ ያለፈቃዷ ተወረወረ፤ በርበሬው ፊቷ ላይ ተደፋ። ሰርካለም በጀሪካን ውኃ ስታጥባት፣ የእህቴ ልጅ «ዓይኔ ጠፋ! ዓይኔ ጠፋ!» እያለች ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ተሰምቷል። የግራው ዓይኗ እስከ ዛሬ ታሽጓል፤ ሐኪሙ «ዓይኗ ያያል» ብሎናል፣ ኢንሻአላህ። በሦስተኛው ቀን ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣላት። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት፤ «ሆን ብላ በርበሬ በመድፋት ሥራ አስተጓጉላለች» ይላል። ሁለት ጊዜ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ «አጎቴ፣ በራሴ ዓይን ላይ ነው ሆን ብዬ የደፋሁት?» አለችኝ። እኔ በዚህ ከተማ ቀልደኛ ነኝ ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ደብዳቤውን አጥፌ መለስኩላት። እርስዎ መልስ ካለዎት ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት።

እንግዲህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ክሱን ያንሱ፤ ልጅቷ ዓይኗ ሲድን ወደ ሥራዋ ትመለስ። ሽቦዋ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ወደ ዘንጓ ትታሰር። ናይሎኑ በጥጥ ጋዋን፣ የላስቲክ ጫማውም የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት በሚያሳልፍ የሥራ ጫማ ይለወጥ። የላስቲኩ ጥቅል ከሚተረተርበት አጠገብ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ከላስቲኩ የሚጠርግ፣ ባለሙያው የሚያውቀው የመዳብ ብሩሽ ይገጠም። ይህ ሁሉ ለእንግዶቹ ካስነጠፉት ድንጋይ ያነሰ ድካም ነው።

ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ሐሙስ ከእህቴ ልጅ ጋር እመጣለሁ። የፋብሪካው ሠራተኛ ስላልሆንኩ የመጨባበጥ ክልከላው እኔን አይመለከተኝም። የናይሎን ጃኬትና የላስቲክ ጫማ ተውሻለሁ፤ በምንጣፍዎ ላይ እግሬን ደህና አድርጌ እየጎተትኩ፣ ከእርስዎ ጀምሬ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ በእጄ ሰላም እላለሁ። ከዚያ የደነገጠው አባል ሁሉ እጁን ሆን ብሎ እንደወረወረ ወይም እንዳልወረወረ ለቃለ ጉባኤው ያስመዘግባል።

ዕድሜና ጤና፣ ደረቅ ያልሆነ አየርና የማይናከስ የበር እጀታ እየተመኘሁልዎ፣ ለትከሻዎ ከሩቅ እጄን አወዛውዣለሁ።

የእርስዎው አክባሪ፣
ጀማሉ፣ የፈቲሀ አጎት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ መሰላል ይዤ ፋብሪካው በር ላይ መጥቼ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛዎ አቶ ባልቻ መሰላሉን ደግፈውልኛል፤ ለደህንነት ሥራ ነው የመጣሁት ስላልኳቸው ነውና እንዳይቆጧቸው፤ የዋሸኋቸውም የለም። ባነሩ እንዳይወድቅብዎ በቃጫ ገመድ አጥብቄ አስሬዋለሁ። ገመዱን የገመደችው ፈቲሀ ናት፤ በአንድ ዓይኗ። ሽቦዋ እኔ ዘንድ ናት፤ ሐሙስ ይዘናት እንመጣለን። ቃጫ ባነር ይሸከማል፣ ኤሌክትሪክ ግን ወደ መሬት አያወርድም፤ የትኛው የት መታሰር እንዳለበት ለኮሚቴው የምታስረዳው እሷው ናት።