ሉሉ እቤት የተማረችበት ዓመት

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1976

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። መኪናውን ጠርጌ ባለቤቴን ፀሐይወርቅን ሥራዋ አደረስኩ፤ አፐር አርሊንግተን፣ የአዛውንቶች መጦሪያው። ስትወርድ «ትምህርት ቤት ስትሄድ እንዳትቆጣ» አለችኝ። አልተቆጣሁም። መቆጣትም እንግሊዝኛ ይፈልጋል...

የጠራችኝ የልጃችን የሉሉ አስተማሪ ናት። ልጅቱ ክፍል ውስጥ አትናገርም አለች። ጭራሽ። ስሟ ሲጠራ እጇን ታነሳለች እንጂ አቤት አትልም። ከሱዳን አሜሪካ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን፤ ቋንቋው እስኪገባት ታግሰናል፣ አሁን ግን ስፔሻል ክላስ ትግባ ነው የሚሉት። ትምህርት የማይገባቸው ልጆች ክፍል። ሉሉ? እቤት አፏ አይዘጋም እኮ። ካርቱን እያየች ብቻዋን በእንግሊዝኛ ታወራለች።

በዘጠኝ ሰዓት ግሮቭፖርት፣ የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ገባሁ። ሺፍቱን ሙሉ ካርቶን እየጫንኩ ይህንኑ ሳስብ...

ቅዳሜ፣ ጥር 19

አንድ የሥራ ጓደኛዬ ሚስቱ ልጆቻቸውን እቤት እንደምታስተምር ነገረኝ። የትምህርት ቢሮው ከፈቀደ ይቻላል አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት እቤት ነኝ። ለምን አልሞክርም?

ለፀሐይወርቅ ነገርኳት። የአገራችን ሰው ጋሼ ብዙነህ ሊጠይቁን መጥተው ነበርና በሳቸው ፊት ሆነ። እሳቸው አገሩ የፈረንጆቹ ነው፣ ለልጅ የሚበጀውን ያውቃሉ አሉ። ፀሐይወርቅ እሳቸውን ሸኝታ ተመለሰችና፣

«ምን ልታስተምራት ነው ገብሬ? አገርህ ፍርድ ቤት ታይፕ ነበር የምትመታው።»

እውነቷን ነው። ማታ ግን ራሷ አነሳችው። እስከ ክረምቱ መግቢያ ብቻ፣ አለች። ልጅቷ እዚያ ክፍል ከገባች እንደማትወጣ እሷም ፈርታለች።

ሰኞ፣ የካቲት 5

ተፈቀደ። ግንቦት ላይ ሚስስ ሃርፐር የምትባል አስተማሪ ከቢሮው መጥታ ትፈትናታለች። አንብባ፣ ተናግራ፣ የሠራችውን ካሳየች መደበኛ ክፍል። ካልሆነ ስፔሻል ክላስ።

ሒሳቡ አያስፈራኝም። ሳይንሱ ነው ጉዱ። እኔ ሳይንስ በቃል ሸምድጄ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ላይብረሪ ሄደን እቤት ባለ ዕቃ የሚሠሩ ሙከራዎች የሞሉበት የልጆች መጽሐፍ ተዋስን። ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ጽሑፉ ለልጅ ነው ይላል... ግማሹ አልገባኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 9

እንቁላሉን ረቡዕ አቼቶ ውስጥ ነክረነው ነበር። ዛሬ ቅርፊቱ የለም። ቀልጦ አልቋል። እንቁላሉ ለስላሳ ኳስ ሆኖ ሉሉ መዳፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። «አባዬ፣ ልብሱን አወለቀ» አለች። እኔም ነካሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ፀሐይወርቅ ገብታ በዓርብ ምድር እንቁላል ምንድን ነው አለች። የሚበላ አይደለም አልኳት። አሳየኋት። ያዝ አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ። ሳቋን ግን ዋጥ አድርጋዋለች።

እሁድ፣ የካቲት 18

ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ፣ ውስጡ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ። ፊኛው ተነፋ፣ ከዚያ ፈነዳ። አረፋው ጣሪያው ድረስ ተረጨ። ሲወለወል ዋለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ለጾም ወጥ የተገዛውን ወይን ጠጅ ቀለም ጥቅል ጎመን ቀቅለን ውኃውን ብርጭቆዎች ውስጥ አደረግን። ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ ሳሙና ሲጨመርበት አረንጓዴ ይሆናል። ሉሉ ከዚያ በኋላ የቀራት ነገር የለም። የእናቷን ሻምፖ፣ ሻይ፣ የኔን የጥርስ ሳሙና... የቱ እንደሚቀላ ቀድማ ትገምታለች፣ ከዚያ ትጨምራለች። ስትሳሳት ነው ይበልጥ ደስ የሚላት። ለምን ይሆን?

አንድ ነገር ልብ አልኩ። እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ መጽሐፉን ትወስድብኝና ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ጥርት አድርጋ። ሌላ ሰው ሲመጣ ግን... የጎረቤት ሴትዮ ዱቄት ልትዋስ በሩን ስታንኳኳ እንኳን መጽሐፉን ዘግታ መኝታ ቤት ገባች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 3

ዛሬ ነገረችኝ። የባትሪ ድንጋይና ሽቦ ይዘን ትንሿን አምፖል ልናበራ ስንታገል፣ ሽቦውን እያየች።

በመጣን በመጀመሪያው ዓመት አስተማሪዋ ትናንት ማታ ምን በላሽ ብላ ጠየቀቻት። ዶሮ ለማለት ችክን ልትል ኪችን፣ ወጥ ቤት፣ አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪዋም ጭምር። ከዚያ ወዲያ ስሟ ኪችን ሆኖ ቀረ። በኮሪደሩም፣ በአውቶቡሱም።

«ካልተናገርኩ አይስቁም» አለች።

እኔም ሥራ ቦታ ቃሉን ሦስቴ በልቤ ሳልለው አልናገርም። ይህንኑ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሽቦውን አዙራ ገጠመችው፣ በራ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 15

ሚስስ ሃርፐር መጣች። ሸበቶ ናት፣ ረጋ ያለች። ሉሉ ሒሳቡን ሠራች። አምፖሉን አበራች። ጎመኑን ከሎሚውና ከሳሙናው ቀላቅላ አሳየች። ግን አንድ ቃል አልወጣትም። መጽሐፉ ተከፍቶ ፊቷ ተቀመጠ፤ ገጹን ታየዋለች፣ ከንፈሯ አይላቀቅም።

ሚስስ ሃርፐር በር ላይ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እጆቿ ሁሉን ያውቃሉ፣ ነገር ግን እኔ መስማት አለብኝ አለች። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ትመለሳለች። መጨረሻው እሱ ነው።

ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አላስነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 18

ረቡዕ ቀትር ላይ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። በዜና ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ በዓይናቸው እንዳያዩ እያሉ ነው። መጽሐፋችን ውስጥ መላ አለው። የቁርስ ሲሪያል ካርቶን፣ የምግብ መጠቅለያ ፎይል፣ ፎይሉ ላይ በስፒል የተበሳች ቀዳዳ። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ካርቶኑ ውስጥ የሚወድቀውን ብርሃን ማየት ነው። ሉሉ ትርፍ ካርቶኖችም ሠራች። ለማን ነው ብላት ፎይል መቁረጧን ቀጠለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 22

እጄ እየቸኮለ ነው የምጽፈው። ሥራ ልገባ ነው።

ጠዋት ደመና ነበር። ቀትር ሲቃረብ ገለጥ አለ። ፓርኪንጉ ላይ ወጣን። ጎረቤታችን ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ፈርታ ከትምህርት ቤት አስቀርታቸው ነበር፤ እሷ ስልክ ልታነሳ ዞር ስትል እነሱ ወጡ። ታናሽየዋ አንጋጣ ልታይ ስትል...

«ዶንት ሉክ አፕ!»

ማን ወደ ላይ አትዪ ብሎ እንደጮኸ ለማወቅ ዞርኩ። ሉሉ ናት። ሮጣ ልጅቱን ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት። ትርፉን ካርቶን ሰጠቻት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ዓይን እንዴት እንደሚቃጠል፣ ቀዳዳዋ ለምን ትንሽ እንደሆነች፣ ጨረቃ ምን እያደረገች እንደሆነ... አላቋረጠችም። ልጆቹ አልሳቁም። ታላቅየዋ ድገሚልኝ አለቻት፣ ደገመችላት።

ብርሃኑ ደበዘዘ፣ ብርድ ብርድ አለን። ያኔ ሉሉ መሬቱን አየች። ዛፉ ሥር፣ ቅጠሎቹ መሃል አልፎ የሚወድቀው ብርሃን በሙሉ ማጭድ ማጭድ ሆኗል። አስፋልቱ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ እጇ ላይ። መጽሐፉ ይህን አላለም። እኔም ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቆማ አሰበች።

«አባዬ፣ በቅጠሎቹ መሃል ያለው ክፍተት እንደኛ ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ፀሐይዋን እያሳየ ነው።»

ተናገርሽ አላልኳትም። ብላት የምታቆም መሰለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 1

ሚስስ ሃርፐር መጣች። እንደገና ዝምታ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አስቀመጠችና ግርዶሹን ቢሮ ውስጥ ሆና እንዳመለጣት አወራች፤ ካርቶኑን እንዴት እንደሚሠሩት ማየት እፈልጋለሁ አለች። ሉሉ ልትሠራላት እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ፎይሉን አልሰጠቻትም። ራሴ ልሥራው፣ አንቺ ንገሪኝ አለች። ፎይሉን በአንድ እጇ፣ ፕላስተሩን በሌላው ይዛ ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። እኔ አፌን ልከፍት ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ሜክ ኢት ስሞለር» አለች ሉሉ፤ ፎይሉን አሳንሺው ማለቷ ነው። በጣም ቀስ ብላ።

ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። በመጨረሻ ስለ ዛፉም ነገረቻት። መጽሐፉንም አነበበች፤ አንዱን ቃል ተሳስታ አርማ ቀጠለች።

መደበኛ ክፍል። ወይም ብንፈልግ ከርሞም እቤት። የናንተ ምርጫ ነው አለች።

እሁድ፣ ሰኔ 3

እኔ ከርሞም እቤት ብዬ ነበር። ልቤ ውስጥ ምን ምን እንደምንሠራ ማቀድ ጀምሬያለሁ። ፀሐይወርቅ ሉሉን ጠይቃት አለች። ጠየቅኳት።

«ትምህርት ቤት» አለች። ሳታስብ።

«ቢስቁብሽስ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን እንደሚያስቅ እጠይቃቸዋለሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብቻ... ምሳ ሳልበላ ሣሩን ሳጭድ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1

ትምህርት ቤት ትናንት ተከፈተ። አብሬያት ልገባ ስል በሩ ላይ አስቆመችኝ፤ ክፍሉን አውቀዋለሁ አለች። ቦርሳዋን አስተካክላ ገባች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ጠዋቱ ረዘመብኝ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሥራ ስገባ ገና አልተመለሰችም ነበር። የራት ዕረፍታችን ሲደርስ ከዌርሃውሱ የሕዝብ ስልክ እቤት ደወልኩ። ራሷ አነሳችው። ከበስተኋላዋ የሌላ ልጅ ሳቅ ይሰማል። እንዴት ነበር አልኳት፣ ሳቁብሽ ወይ፣ አስተማሪዋስ...

«አባዬ፣ ጓደኛዬ መጥታ እያወራን ነው። በኋላ ደውል።»

ዘጋችው። የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ሊደውል የቆመው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ጨረስክ ወይ አለኝ። ጨርሻለሁ አልኩት። ቃሉን በልቤ ሳልለማመደው ነበር ያልኩት፤ ልብ ያልኩት በኋላ ነው።