የእሜቴ ዓይን ያበራል ወይ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ምንም የተለየ ነገር የለም። ለመጽሔቱ ዓምዴ ስለ ጎረቤት መጋረጃ ጻፍኩ። ድመቴ እሜቴ እንደ ልማዷ ወረቀቱ ላይ ተዘረጋችበት። አማቴ ነገ ይመጣሉ። ባሌ ከጧት ጀምሮ ያፏጫል... እናቱ ሲመጡ እሱ ልጅ ይሆናል። እኔስ ምን ልሁን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ገቡ። ሻንጣቸው ሳሎናችንን ያክላል። ለስንት ቀን ነው? ማን ደፍሮ ይጠይቃል!

አመሻሽ ላይ ከኮሪደሩ ጩኸት። ሮጬ ብሄድ አማቴ የእጅ ባትሪያቸውን እንደ ጦር ወድረው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ከወዲያ ጫፍ እሜቴ። ዓይኖቿ ሁለት አረንጓዴ ፍም።

"ይቺ እንስሳ ውስጧ እሳት አለ!"

"እማማ፣ ድመት ናት እኮ..."

"ድመት አላውቅም እንዴ? ድመት እንዲህ አይነድም! ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ።"

ባሌን አየሁት። እሱ ጣራውን አየ። ጀግና!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እሜቴ ልትባረር ነው። እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ ስገባ ለሳይንስ ገጽ አዘጋጃችን ነገርኩት... "ፕሮፌሰር" ነው የምንለው። ሳቁን ለቀቀው።

"ምነው፣ ጄኔሬተር ዋጠች?"

ሲበቃው አስረዳኝ። ከዓይኗ ጀርባ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን አለ። ብርሃን ሲመጣባት መልሳ ትልከዋለች እንጂ ከራሷ ጠብ አይልም። ፀሐይና አምፖል የራሳቸውን ያበራሉ። ጨረቃ፣ ማንኪያና ድመት ግን የሚያበሩት የሰው ነው። "ድፍን ጨለማ ውስጥ አስገቢያት፤ ምንም አታዪም።"

ለአማቴ ይህን በአፍ ልንገራቸው? የሐኪም ቃል እንኳ አይሰሙም! በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ግን ድፍን ጨለማ ቤታችን ውስጥ የት ይገኛል? መጋረጃዎቼ እንደሆኑ ወንፊት ናቸው...

ቁም ሳጥኑ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። ባሌ ሥራ እንደሄደ "እሳት ካለባት ዛሬውኑ ትወጣለች" ብዬ ምዬ አማቴን አግባባሁ። ገባን። አማት፣ ምራት፣ ድመትና የባሌ ኮቶች። በሩን ዘጋሁ።

"የት ናት?"

"እቅፌ ውስጥ። የሚያበራ ነገር ይታይዎታል?"

"ምንም... አንቺ ነሽ የምትረግጪኝ?"

"ኮቱ ነው፣ እማማ።"

"ኮት ይረግጣል እንዴ!"

ባትሪውን አበራሁ። ቦግ! ሁለት አረንጓዴ። አጠፋሁ። ድርግም።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩ።

"አምጪ፣ እኔ ላብራ።"

ቦግ፣ ድርግም፣ ቦግ፣ ድርግም... በሩ ተከፈተ። ባሌ! ስልኩን ረስቶ ተመልሷል። እናቱን አየ። እኔን አየ። ድመቷን አየ። በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ዘጋው።

ከጨለማው ውስጥ የአማቴ ድምፅ፦ "ታዲያ ይቺ ምን አጠፋች? የሰጧትን ነው የምትመልሰው። በዚህ ዘመን ማን ይመልሳል!"

እሜቴ ተረፈች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ባትሪው ከእጃቸው አልወጣም። ማንኪያው፣ የበሩ እጀታ፣ የጎረቤታችን የወርቅ ጥርስ... ሁሉም ተመረመረ። የባሌ ራሰ በራም አልቀረለት። "ልጄ፣ አንተም እኮ ታበራለህ!" "እማዬ!"

በረንዳ ላይ ጨረቃ ወጣች። "እሷም የምታበራው የሰው ነው?"

"የፀሐይ ነው፣ እማማ።"

"ይሄ ሁሉ ኩራት በውሰት!"

እሜቴ ከጭናቸው አትወርድም። እኔ ስጠራት ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም። ትንሽ ቀናሁ... ትንሽ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሄዱ። ሻንጣ፣ ባትሪ... አንድ ቅርጫት። ቅርጫቱ ውስጥ እሜቴ!

"እማማ፣ እሷን እኮ..."

"ልጄን ሰጥቼሽ የለ? አንድ ድመት ይበዛብኛል?"

እሜቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም።

አሁን ሳሎን ከባሌ ጋር ነኝ። መብራቱን አጥፍቼ ስልኬን ዓይኑ ላይ አበራሁበት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ዝም ብለህ እየኝ።"

አየኝ። ፍዝዝ። ቦግ የለ፣ አረንጓዴ የለ...

በልውውጡ ተሸውጃለሁ።