ትርሲትን ለወሰዱብኝ ክብርት ፕሬዚዳንት

ሎስ አንጀለስ፣ ኤፕሪል 2015

ይድረስ ለክብርት ወይዘሪት ሮሐ መክብብ፣ የዩኒቨርሲቲያችን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት፤

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ድምፅዎ እንኳ ደኅና መሆኑን አውቃለሁ፤ የዶርም ክፍሌ ከመሰብሰቢያ አዳራሻችሁ በላይ ስለሆነ ሳቅዎ በየማክሰኞው በወለሉ በኩል ይደርሰኛል። በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጡኝን ሰው አንቱ ማለቴን እንደ ሽሙጥ እንዳይቆጥሩብኝ፤ ፌርፋክስ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ በሐበሻ ሰፈር፣ በጨዋ ደንብ ነው ያደግሁት።

ሰርክ ዘርዓብሩክ እባላለሁ። አያስታውሱኝም። የትርሲት ሩምሜት፣ የዶርም ክፍል ተጋሪዋ ነኝ ብል ግን ወዲያው ያውቁኛል፤ ይህም ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው፣ ቁጥር ግን አልሰጠሁትም።

አንደኛ፦ እኔና ትርሲት ሻንጣችንን ከፌርፋክስ ጭነን ዶርም በገባን በሳምንቱ፣ ለአዲስ ተማሪዎች ባዘጋጁት አቀባበል ላይ «ኦኬ ጋይስ፣ ሰርክል እንሥራ» ብለው ስማችንን ካስነገሩን በኋላ ተራ በተራ መሀል ገብተን እስክስታ እንድንመታ ስላዘዙን ከልብ አመሰግናለሁ። በእኛ ቤት ዝም ያለች ልጅ «ጭምት ናት፣ ትባረክ» እየተባለች ለሌሎች ልጆች ምሳሌ ትደረጋለች፤ እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ስመሰገን ኖሬ፣ ዝምታ በሽታ መሆኑን የተረዳሁት በእርስዎ ቸርነት ነው። የእኔ ትከሻ እንደ ኮት መስቀያ ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ ቸርች ውስጥ ማጨብጨብ እንኳ ታፍር የነበረችው ትርሲት ዕድሜዋን ሙሉ ያችን ክብ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል እስክስታውን አስነካችው። ከዚያች ክብ እስከ ዛሬ አልወጣችም።

ሁለተኛ፦ እናቴ እታለም በየእሑዱ ለሁለታችን ብላ በአይስክሬም ዕቃ ሞልታ የምትልክልንን ቋንጣ ፍርፍር ትርሲት ወደ ስብሰባችሁ ይዛ መሄድ ከጀመረች ወዲህ፣ የአባላት ቁጥር ከአሥራ አምስት ወደ አርባ ማደጉን በሪፖርትዎ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት። በሪፖርቱ ውስጥ የእናቴ ስም የለም። ዕቃውም ባዶውን ተመለሰ። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ዕቃ ሲመለስ ሌላው ቢቀር ሁለት ብርቱካን ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ጣል ይደረግበታል፤ እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየችና አጠበችው።

ሦስተኛ፦ ትርሲት ከእናንተ ተመልሳ ብቻዬን ስታገኘኝ አሳዘንኳትና ለእናቷ ለእትዬ ፅጌ ነገረች፤ እትዬ ፅጌም አደራ የማትበላ ሴት ስለሆነች ወዲያው ለቸርቹ የእህቶች ጸሎት ቡድን በቫይበር አስተላለፈች። ባለፈው እሑድ በር ላይ ሦስት እናቶች ጉንጬን ይዘው «አይዞሽ፣ ጓደኛ ይሰጥሻል» አሉኝ። ጓደኛ እንዲሰጠኝ እየተጾመልኝ ነው! ጓደኛማ ነበረችኝ እኮ፤ እርስዎ ጋ ናት።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ዘግይቷል። የሚቀጥለው ዓመት የዶርም ክፍል ምርጫ ቅጽ ዓርብ ይዘጋል፤ ቅጹ አብረው የሚኖሩትን የሁለቱን ሰዎች ፊርማ ይፈልጋል፤ እኔ ፈርሜ ከየካቲት ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እርስዎ ደግሞ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች ካልቨር ሲቲ የምትከራዩት አፓርትመንት ውስጥ አንድ አልጋ መትረፉን፣ በዚያ ሁሉ የሥራ ጫናዎ መሀል ጊዜ አግኝተው ነግረዋታል። እሷም እሺም እምቢም አላለችም፤ በየቀኑ ስትገባ ቁልፏን ቅጹ ላይ ታስቀምጣለች፣ ስትወጣ አንስታው ትሄዳለች።

ቅናት ነው ይሉኝ ይሆናል። አዎ ነው፤ ቀንቻለሁ፣ አርሬያለሁ። በእርስዎም እቀናለሁ፤ እርስዎ ገና ብቅ ሲሉ ሰው ሁሉ ወንበር ይስብልዎታል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምገባ ሳስብ ስብሰባው ያልቃል። በወለሉ በኩል ከሚመጣው ጫጫታ መሀል የትርሲትን ሳቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ስብከት መሀል ከኋላ ወንበር ላይ አፏን በመዝሙር ደብተር ሸፍና የምትስቀው ነው፤ ያኔ የማስቃት እኔ ነበርኩ።

ለማኅበርዎ ዕድገትን፣ ለትከሻዎ ብርታትን፣ ለካልቨር ሲቲው አልጋ ሌላ ተከራይን እየተመኘሁ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ሰርክ ዘርዓብሩክ
እስከ ዓርብ ድረስ የትርሲት ሩምሜት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ስለጥፈው ምንም አልፈራሁም። በማኅበሩ ምርጫ ቀን በአማርኛ የተጻፈውን የማኅበሩን ደንብ ከአርባ ሰው አንድ እንኳ የሚያነብ ጠፍቶ፣ ክብርትነትዎ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ይዘውት ሲጨነቁ፣ ተቀብላ ያነበበችላችሁ ትርሲት እንደነበረች በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ይህንንም እሷው ታንብብልዎ፤ ፊደል የቆጠርነው ከቸርቹ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በአንድ መጽሐፍ ነው። መሀል ላይ ድምፅዋ ቆም ካለ እባክዎ አያጣድፏት።

ትርሲትዬ፣ እስክሪብቶው ቅጹ ላይ ነው።