የቤት ሥራውን የሰጡት የመምህር ጄትሮ አሳቫ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጄትሮ አሳቫ ከአባታቸው ከአቶ አሳቫ ንጋይራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፌቤ ኢማሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በማራጎሊ ኮረብታ ሥር፣ ከቻቫካሊ ገበያ በታች ባለው በዚህ ግቢ ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ። ገና በልጅነታቸው ለእንግሊዝኛ የነበራቸው ፍቅር ቤተሰቡን አስጨንቆ ነበር። በበቆሎው መሃል ብቻቸውን እንግሊዝኛ ሲያወሩ እናታቸው ሰምተው፣ ወባ ይዞታል ብለው ኪኒን አስውጠዋቸዋል። ኪኒኑ አላዳናቸውም። መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1971 ዓ.ም. በኪሩማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ራሶዋ ካጌሃ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

መምህር ጄትሮ ከሚያስተምሩት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መናገርን ነበር። “ብሆን ኖሮ፣ ባደርግ ኖሮ” የሚባለውን ማለት ነው። “ድሃ ሳያንኳኳ የሚገባበት ቤት ይሄ ብቻ ነው፤ ግቡ!” ይሉ ነበር ለተማሪዎቻቸው።

በ1982 ዓ.ም. መገባደጃ፣ መንግሥት ለመገልበጥ ከተሞከረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሰው የአገር መሪ በሕልሙ ቢያይ ለሚስቱ በማይነግርበት ጊዜ፣ መምህር ጄትሮ በሰሌዳው ላይ “የአገር መሪ ብሆን ኖሮ…” ብለው ጻፉና ጨርሳችሁ አምጡ አሉ። አብዛኛው ተማሪ መንገድና ሆስፒታል ሠራ። የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ኤልፋስ ሉማዴዴ ግን እንዲህ ብለው ጻፉ፦ “የአገር መሪ ብሆን ኖሮ፣ የአካባቢያችን ሹም ለሐራምቤ የልማት መዋጮ ብሎ የነዳትን የእናቴን ላም እንዲመልስ አደርገው ነበር።”

መምህር ጄትሮ ከት ብለው ሳቁ። ሙሉ ነጥብ ሰጡ፤ ኤልፋስ ተነስተው ጮክ ብለው እንዲያነቡትም አደረጉ። ክፍሉ ሳቀ። የሹሙ ልጅም ሳቀች፤ ማታ ራት ላይም ለአባቷ ነገረች።

በማግስቱ ሹሙ ፖሊስ አስከትለው ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደረሱ። ኤልፋስም ተጠርተው ቆመዋል።

“ይሄን ያጻፍከው አንተ ነህ፣ ቲቸር?” አሉ ሹሙ።

“እኔ? እኔ የሰጠሁት ‘ዝናብ ቢዘንብ’ የሚለውን ነው፣ ጌታዬ። ልጁ ከራሱ ነው ያመጣው።”

መምህር ጄትሮ ሰሌዳውን ቀደም ብለው በገዛ እጃቸው አጥፍተውታል። ክፍሉም ሲጠየቅ አንድ ላይ “ዝናብ ነው” አለ። ኤልፋስ መምህራቸውን አይተው እጃቸውን ለፖሊሱ ሰጡ። ታስረው ሲፈቱ ከትምህርት ቤቱ ተባርረዋል፤ ለመጨረሻው ፈተናም አልተቀመጡም። እናታቸው እማማ አንዬታ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ “ምናለ ልጄ፣ የታዘዝከውን ዝናብ ብቻ ብትጽፍ!” እንዳሉ አለፉ። መንደሩም ይህንኑ አመነ።

ከዚያ ወዲህ መምህር ጄትሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዝናብ ሌላ ምሳሌ አልሰጡም። ተማሪዎቻቸው በእንግሊዝኛ ዝናብ ከማዘነብ ሌላ ምንም መመኘት ሳይችሉ ተመርቀዋል። በዚህ ግቢ የተሰበሰባችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አቶ ኤልፋስ በቻቫካሊ ገበያ ጸጉር ቤት ከፈቱ። መምህር ጄትሮም ደንበኛቸው ሆኑ። ራሳቸው ላይ አንዲት ጸጉር ባልቀረችበት ጊዜ እንኳ መሄዳቸውን አልተዉም።

“ቲቸር፣ ደግሞ ምኑን ላስተካክል ነው? የመጨረሻዋን እኮ ባለፈው እኔው ነኝ የሸኘኋት።”

“ዳር ዳሩን ብቻ።”

“ዳር የለም ቲቸር፤ ሁሉም መሃል ሆኗል።”

መምህር ጄትሮ የሄዱት ለጸጉር አልነበረም፤ አንድ ነገር ሊናገሩ ነበር። ዓይናቸው በመስታወቱ ውስጥ ከአቶ ኤልፋስ ዓይን ጋር ሲገጥም ግን፣ “ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ” ይላሉ። አንድ ቀን አቶ ኤልፋስ ምላጫቸውን እየጠረጉ፣ “ይተዉት ቲቸር፣ ዝናብን ብዙ አሸክመነዋል” አሏቸው። መምህር ጄትሮ ከፍለው ወጡ፤ ቤታቸው ገብተውም ምሳ አልበሉም።

በ2016 ዓ.ም. በጉሮሮ ካንሰር ታመሙ። ድምፃቸው ሳይዘጋ ለባለቤታቸው የተናዘዙት ይህንኑ ነው፤ የቤት ሥራውን የሰጡት እሳቸው መሆናቸው በቀብራቸው ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት እንዲነበብ።

ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ተከፋፈለ። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ድሩሲላ፣ “ሟችን በገዛ ቀብሩ ላይ መክሰስ የት አገር ነው? ፎቶ ጨምሩበትና ቦታውን ሙሉት!” አሉ። ባለቤታቸው ግን፣ “ከማይነበብ አለመቀበር ይሻለኛል ብሎኛል። እንግዲህ አንቺ ፎቶ ይዘሽ ሬሳውን አሳምኚ” አሏቸው። ወይዘሮ ድሩሲላ ፎቶውን ወደ ግድግዳው ስለመለሱ ይኸው ተጽፏል።

መምህር ጄትሮ አሳቫ ማርች 9 ቀን 2019 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ራሶዋን፣ ልጆቻቸውን ኢማሊንና ኬጎዴን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል።

በቤታችን ደንብ ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን የሐዘንተኛው ራስ ይላጫል። ቅሬታ የያዘ ሰው ግን በራሳችን ላይ ምላጭ አያነሳም። ቤተሰቡ አቶ ኤልፋስ እንዲላጩን ለምኗል። እሳቸውም፣ “መጀመሪያ ይነበብ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ” ብለዋል።

ይኸው ተነበበ። የቤት ሥራውን የሰጡት መምህር ጄትሮ አሳቫ ናቸው። አቶ ኤልፋስ የታዘዙትን ጽፈዋል።

እግዚአብሔር የመምህር ጄትሮን ነፍስ፣ ከየትኛውም ዕረፍት በፊት፣ አስቀድሞ እማማ አንዬታ ወዳሉበት ያድርስልን፤ በራሳቸው አንደበት የሚነግሯቸው አለና። አሜን።